የመኪናችሁ ኤሲ ነፋሱ ደከመ? ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

ኤሲ ሲደክም ብዙ ሰው ቀጥታ ጋዝ ሊያስሞላ ይሄዳል። ጋዙ ግን አየሩን ያቀዘቅዛል እንጂ አይገፋውም፤ የሚገፋው ከክሩስኮቱ ስር ያለው ማራገቢያ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ቀዝቃዛ ሆኖ ኃይል ካጣ፣ ለጋዝ የምታወጡት ብር ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው። ችግሩ የበጋ ብቻም አይደለም፤ ክረምት ላይ የፊት መስታወቱ ጉም ሲለብስ የሚያደርቀው ይኸው ነፋስ ነው።

መጀመሪያ ፊልትሮውን እዩ። በብዙ መኪኖች ከተሳፋሪው ፊት ካለው ኪስ ጀርባ ነው ያለው፤ በአቧራ ከጠቆረ ቀይሩት። ማራገቢያው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ሬዚስተሩን ጠርጥሩ።

ሦስተኛው ትንሽ ይገርማል። ስትነሱ ጥሩ ይነፍሳል፣ ቆየት ሲል ይታፈናል፣ አጥፍታችሁ ስትጠብቁ ይመለሳል። ይሄ በረዶ ነው! አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ ኢቫፖሬተሩ፣ ላይ እርጥበት ወደ ውሃ ይለወጣል። ቅዝቃዜው ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከወረደ ውሃው በረዶ ሆኖ የአየሩን መተላለፊያ ይደፍናል። ነፋስ ባነሰ ቁጥር ቅዝቃዜው ይብሳል፣ በረዶውም ይወፍራል። እዚህ ላይ የጋዝ ማነስም መንስኤ ሊሆን ስለሚችል፣ መካኒኩ ከመሙላቱ በፊት ግፊቱን ይለካ፤ ከጎደለም የሚያፈሰውን ቦታ ይፈልግ።