ቅዳሜ ሌሊት፣ በረዶ ላይ፣ ከዓሣ ጋር?

ዓሣ ለፍቅር ይጣራል ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ያውም በበረዶ ሥር፣ ያውም በውድቅት ሌሊት! ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በረዶ በተጋገረበት ውሃ ውስጥ የድምፅ መቅጃ ከትቶ «በርቦት» የሚባለውን ዓሣ አዳምጦታል። የመራቢያው ሰሞን ሲደርስ አንዳንዴ በር እንደሚያንኳኳ ሰው ቀስ እያለ፣ አንዳንዴ ደግሞ እንደ ንብ ጥዝዝ እያለ ይጣራል። ሌላው ዓሣ በብርዱ ፈዞ ሲቀመጥ እሱ ሠርጉን የሚደግሰው በዚያን ጊዜ ነው።

ይሄ ዓሣ ታዲያ እዚያ አሜሪካን አገር በረዶ ሥር ተቀምጦ እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የታሰረ ቀለበት ሊያስፈታ ደርሷል። የ26 ዓመት አንባቢያችን የላከችው ደብዳቤ ረዘም ያለ ስለሆነ ዋናውን ብቻ ቆርጬ አቀርበዋለሁ።

«ቀለበት ካሰርን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። እሱ ሚኒሶታ ነው፣ እኔ እዚሁ ሆኜ ፕሮሰሱን እጠብቃለሁ። እሁድ እሁድ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ስመለስ 3 ሰዓት ላይ እደውልለታለሁ። እዚያ ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ስለሆነ አልጋው ላይ ሆኖ ነበር የሚያወራኝ። ከገና በኋላ ግን ስልኩ ዝግ ነው። ስጠይቀው ‹ሐይቅ ላይ ነበርኩ፣ በረዶ ሰርስሬ ዓሣ እያጠመድኩ› ይለኛል። በሌሊት! ስቆጣው ‹በእናቴ ሞት፣ ማንም የለም፣ ብቻዬን ነኝ› እያለ ይምላል። ፎቶ ላክልኝ ስለው እባብ የሚመስል ነገር ክንዱ ላይ ተጠምጥሞ የሚታይበት ፎቶ ላከ። ከኢንተርኔት አውርዶት ነው ብዬ አሰብኩ። ለጓደኛዬ ባሳያት ‹ሞኝ አትሁኚ፣ የእሱ ዓሣ ባለ ሁለት እግር ናት› ብላ ሳቀችብኝ። ሦስት ሳምንት ዘግቼዋለሁ። ቀለበቱን ለእናቱ ልመልስላቸው ወይስ ልታገሥ?»

አይ ጓደኛ! ሳቋ ለእሷ ቀላል ነው፣ ቀለበቱ የእሷ ጣት ላይ አይደለም። እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ሚኒሶታ የመኪና ሰሌዳው ላይ ሳይቀር «10 ሺህ ሐይቆች» ብሎ የሚጽፍ ግዛት ነው። ሲያካብዱ እንዳይመስላችሁ። ከ4 ሄክታር የሚበልጡት ብቻ ሲቆጠሩ 11,842 ናቸው። የእኛም ሰው ሞልቶበታል። ክረምታቸው ሲገባ እነዚያ ሐይቆች እንደ ድንጋይ ይደርቁና ሰዉ ላያቸው ላይ ይወጣል። መኪናውን ነድቶ ይገባል፣ ድንኳን ይተክላል፣ የባሰበት ደግሞ አልጋና ምድጃ ያለው የእንጨት ጎጆ ጎትቶ ያስገባል። ከዚያ በትልቅ መሰርሰሪያ የሾርባ ሳህን የምታክል ቀዳዳ ይበሳና ክሩን ወደ ታች ለቆ ቁጭ ነው። ቁጭ! የእኛ ሰው ይሄን ሲያይ «ፈረንጅ አብዷል» ማለቱ አይቀርም። ሁለተኛው ክረምት ላይ ግን ራሱ መሰርሰሪያ ሲገዛ ታገኙታላችሁ።

አብዛኛው አጥማጅ በቀን ሄዶ ሲመሽ ይመለሳል። በርቦት ግን የሌሊት ዓሣ ነው። ቀን ጥልቁ ውስጥ ተጋድሞ ይውልና ሲጨልም ለአደን ይነሳል። ጥሩ የሚያዘው ከመሸ በኋላ ባሉት ሰዓቶች እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ አጥማጆቹ በጨለማ የሚያበራ ማባበያ ላይ የትንንሽ ዓሣ ቁራጭ ሰክተው ወለሉን ደብ ደብ እያደረጉ ይጠሩታል። ወሩንም ተመልከቱ። እንቁላሉን የሚጥለው ሚኒሶታ ውስጥ ከፌብሩዋሪ እስከ ማርች ገደማ፣ በሌሊት፣ በበረዶ ሥር ነው። አንዷ ሴት ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከገና በኋላ ቅዳሜ ማታ የሚጠፋ ሰው «በርቦት ላይ ነበርኩ» ካለ ሰዓቱም ወሩም ልክ ነው።

ፎቶውስ? እህቴ፣ ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ያ የጠላሽው ፎቶ ነው። በርቦት ከበረዶ ሲወጣ ረጅም ለስላሳ ጅራቱን ያጠመደው ሰው ክንድ ላይ ይጠመጥማል። ፀባዩ ነው። የማያውቀው ሰው ጮኾ ይጥለዋል። ልጥልጥ፣ ዝንጉርጉር፣ አገጩ ላይ አንዲት ጢም ብቻ ያለችው ነገር ነው። መልኩ የሀዋሳና የዝዋይ አምባዛን ያስታውሳል፣ ዘመዱ ግን የባሕሩ ኮድ ነው። ከኮድ ወገን ዕድሜውን ሙሉ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ የሚኖረው እሱ ብቻ ነው። ሚኒሶታዎች «ኢልፓውት» ይሉታል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ «ጠበቃ» የሚል ስም አለው፤ ለምን እንደሆነ ጠበቆቹን ጠይቁ።

ስልኩ መዘጋቱም አያስገርምም። ሰሜን ባሉት ሐይቆች ላይ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ሲገባ ደግሞ የስልክ ባትሪ ዓይናችሁ እያየ ይሞታል።

ዓሣን ሽፋን አድርጎ ሌላ ቦታ የሚያድር ወንድ የለም እያልኩ አይደለም። ወንድ ለሽፋን ከሆነ ለቅሶ ይፈጥራል። ግን ውሸታም ሰው ቀላሉን ውሸት ነው የሚመርጠው። «ኦቨርታይም ገባሁ» ብሎ ይገላገላል እንጂ የማንም እጮኛ የማታምነውን ጢማም ዓሣ ከየት አምጥቶ ይፈጥራል? የእኔን ከጠየቅሽኝ ልጁ እውነቱን ነው።

እውነቱን ነው ስልሽ ግን ተንፍሺ ማለቴ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ ቃል አንቺ ያላስተዋልሽው ነው። «ብቻዬን ነኝ» ብሎ የማለው። አንቺ የፈራሽው ከሰው ጋር እንዳይሆን ነው፣ እኔ የፈራሁት ብቻውን እንዳይሆን ነው። ምናልባት አንቺን ለማረጋጋት ብሎ አብረውት ያሉትን ጓደኞቹን ደብቆ ይሆናል። ያ ከሆነ እሰየው። ግን እውነትም በጨለማ ብቻውን ሐይቅ ላይ የሚወጣ ከሆነ ጠቡ ስለ ሴት መሆኑ ቀርቶ ስለ ነፍሱ መሆን አለበት።

የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለአጥማጆች የሚሰጠው መለኪያ አለ። በረዶው ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሳንቲ ሜትር ከሳሳ በእግርም አይረገጥም። ትንሽ መኪና ለማስገባት ከ9 እስከ 10 ኢንች፣ መካከለኛ ፒክአፕ ለማስገባት 13 ኢንች ያስፈልጋል። ይሄም አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ሲሆን ነው፤ ነጭ፣ በረዶ ዘንቦበት የተጋገረ ከሆነ ውፍረቱ እጥፍ መሆን አለበት። ደግሞ አንድ ቦታ ለክተው ጨረስኩ አይባልም። ምንጭ ያለበት፣ ወንዝ የሚገባበት ጎን ይሳሳል። የበርቦት ሰሞን ማለቂያ ደግሞ በረዶው መበስበስ የሚጀምርበት ነው። ወፍራም ይመስላል፣ ውስጡ ግን ልቡ ሄዷል።

ልምድ ያለውም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 እዚያው ሚኒሶታ አፐር ሬድ ሌክ ላይ በረዶው ተገምሶ ከዳር ሲለይ ወደ 200 የሚጠጉ አጥማጆች እንደ ደሴት ተንሳፈው ቀሩ። ሁሉም ተረፉ። በሌሊት ብቻውን የገባን ሰው ማን ያየዋል?

ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ጉዳይ ላይ ሰዎቹ «1፣ 10፣ 1» የሚሏት ሒሳብ አለች። የመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሽ የሚቆራረጥባት ናት። መረጋጋት እንጂ መወራጨት አይደለም። ከዚያ እጅና እግር የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። መውጣት ያለበት በነዚህ ነው። ራሱን እስኪስት ደግሞ እስከ 1 ሰዓት ሊቆይ ይችላል፣ ስለዚህ ተስፋ አይቆረጥም። አወጣጡም ዘዴ አለው። ፊትን ወደ መጡበት አቅጣጫ ማዞር፣ ያ በረዶ ቅድም ተሸክሟችኋልና። እግርን እንደ ዋና እየመቱ በሆድ መውጣት፣ ከወጡ በኋላ ቆሞ አለመሮጥ፣ እየተንከባለሉ መራቅ። በረዶው ሙልጭልጭ ስለሆነ ባዶ እጅ አይዝም። ለዚህ አንገት ላይ የሚንጠለጠሉ፣ እጀታ ያላቸው ሁለት ሹል ብረቶች ይሸጣሉ። ርካሽ ናቸው። ካፖርቱ ላይ ላይፍ ጃኬት ከደረበ ደግሞ የተሻለ ነው። የልደት ስጦታ ምን ልላክለት እያልሽ ከተጨነቅሽ ሽቶውን ተይውና እነዚህን ይግዛ።

ሌላም አለ፣ ይሄኛውን እንኳን እኛ እናውቀዋለን። ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አስገብቶ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው ያልሰማ ማን አለ? እዚያ ድንኳን ውስጥ የሚነደው የጋዝ ማሞቂያም ያንኑ መርዝ ያወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ብርዱን ለመከላከል ቀዳዳውን ሁሉ የደፈነ ሰው እንቅልፍ እየመጣበት ይመስለዋል። መናፈሻ መክፈትና ያንን መርዝ ሲያይ የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ማንጠልጠል ግድ ነው።

ይሄን ሁሉ ስታነቢ «ታዲያ ለምን አይተወውም?» ማለትሽ አይቀርም። እኔ ግን ተው በይው አልልሽም። ሚኒሶታ ውስጥ በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከሥራ ሲወጣ ጨለማ፣ ሲገባም ጨለማ። የአዲስ አበባ ልጅ በዚያ ላይ ቡና ጠርቶ የሚያስገባው ጎረቤት የለውም። በዚህ ሰሞን ልባቸው ተጨልሞ ከአልጋ መነሳት የሚያቅታቸው ልጆች አሉ። መጠጥ ቤት የሚያድሩም አሉ። እሱ ያገኘው መውጫ ዓሣ ነው። ከቤት አስወጥቶታል፣ የአገሩን ሰው ጨዋታ አስተምሮታል፣ ይዞት የሚመለሰውም የሚበላ ነገር ነው። ይሄን ብትነጥቂው በምን ትተኪለታለሽ? በስልክ ቁጣ?

ጥፋት የለበትም ማለቴም አይደለም። ሴት ልጅ እሁድ ጠዋት ነጠላዋን ሳታወልቅ እንደምትደውል እያወቀ አስቀድሞ «ዛሬ ሐይቅ ነኝ» አለማለቱ ንቀት ነው። ቀለበቱን አትመልሺ፣ ስልኩን ክፈቺለት። ስትከፍቺ ግን «ከማን ጋር ነበርክ?» ብለሽ አትጀምሪ። «በረዶው ስንት ኢንች ነበር?» በይው። እውነት የሚሄድ ሰው ከሆነ ሳይቆም ግማሽ ሰዓት ያወራሻል፤ ለክቶ የማያውቅ ከሆነም በአነጋገሩ ይገባሻል። ከዚያ የትኛው ሐይቅ እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድና ስንት ሰዓት እንደሚወጣ ከመግባቱ በፊት ይጻፍልሽ፤ እዚያ ላለ አንድ ጓደኛውም እንዲሁ። አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ ልታወጪው አትችዪም፣ ጓደኛው ግን ሰዓቱ ካለፈ አስቸኳይ እርዳታ መጥራት ይችላል። መኪናው ውስጥ ገብቶ ስልኩ ሲሞቅ «ወጣሁ» ብሎ ይላክልሽ። አንድ ቃል ናት። ደግሞ ፈቃዱን እንዳወጣ ጠይቂው፣ ሚኒሶታ ውስጥ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ነዋሪ ያለ ፈቃድ አያጠምድም። ቅጣት ለፕሮሰሱ የሚጠራቀመውን ገንዘብ ነው የሚበላው።

ወደ ወጥ ቤቱ ስንመጣ፣ በርቦትን መልኩን አይተው በረዶ ላይ ጥለውት የሚሄዱ አጥማጆች ለብዙ ዘመን ነበሩ። የቀመሱት ግን «የድሃ ሎብስተር» ይሉታል። ነጭ ሥጋው ተቆራርጦ ጨው ባለው ውሃ፣ አንዳንዱ ደግሞ በሰቨን አፕ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቀቀልና በቀለጠ ቅቤ እየተነከረ ይበላል። ቅርፊት የለውም ብላችሁ የምትተዉ ካላችሁ አለው፣ ደቃቅ ሆኖ ቆዳው ውስጥ ስለተቀበረ ነው የማይታየው። ሰሞኑ ዓቢይ ጾም ላይ ነው የሚወድቀው፤ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍተውም፣ ለዚያ የንስሐ አባት አላችሁ። ጉበቱም ታሪክ አለው። ቦዴት በምትባል የሚኒሶታ ከተማ ዓሣውን ለቀበሮ እርባታ ይቀልቡ የነበሩ አባትና ልጅ የቀበሮዎቹ ፀጉር ሲያምር አይተው፣ ከዚያ የጉበቱን ዘይት እንደ ኮድ ዘይት ለመድኃኒት እስከመሸጥና ፋብሪካ እስከመክፈት ደርሰዋል።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልቀር። ሊች ሌክ ዳር ዎከር በምትባል ከተማ ለ40 ዓመት ገደማ በየፌብሩዋሪው በዚህ ዓሣ ስም ድግስ ይደገስ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው በረዶው ላይ ይወጣና የድግሱ ወግ ሆኖ ዓሣውን አፉ ላይ ይስመው፣ ፎቶም ይነሳ ነበር። ስለዚህ እጮኛሽ ዓይኑን ጨፍኖ ጢም ያላትን አንዷን ሲስም የሚያሳይ ፎቶ ቢደርስሽ፣ ለጓደኛሽ ከማሳየትሽ በፊት አገጯን አጉልተሽ እዪ።