ጥገኛ ትሎችና አለርጂ

ጥገኛ ትሎች በሰው አንጀት ወይም ደም ሥር ውስጥ እየኖሩ ምግባቸውን ከዚያው ሰው የሚያገኙ ትሎች ናቸው። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት መካከል ወስፋት፣ መንጠቆ ትል፣ የኮሶ ትልና የቢልሃርዚያ ትል ይገኙበታል። ትሎቹ የሰውነትን በሽታ የመከላከል ሥርዓት ስለሚለውጡ፣ እንደ አስም ባሉ የአለርጂ ሕመሞች ላይ ያላቸው ተጽዕኖ በኢትዮጵያም ተጠንቷል።

አተላለፍ

የወስፋት እንቁላል ባልታጠበ እጅ ወይም አትክልት ወደ አፍ ይገባል። የመንጠቆ ትል እጭ ከእርጥብ አፈር ተነሥቶ የባዶ እግርን ቆዳ ሰርስሮ ያልፋል። የቢልሃርዚያ እጭ ደግሞ ከውኃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ወንዝ ወይም የመስኖ ቦይ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ ይበሳል። በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዚያ በብዛት የሚታየው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1000 እስከ 2000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። በሰሜን ወሎ፣ ከወልዲያ በስተደቡብ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ በዚህ ከፍታ ክልል ውስጥ ናት።

የሰውነት ምላሽ

ትል ከባክቴሪያ እጅግ ስለሚበልጥ አንድ ነጭ የደም ሕዋስ ሊውጠው አይችልም። ስለዚህ ሰውነት ኢሚዩኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካልና ኢዮሲኖፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ያመርታል። በአለርጂም ጊዜ የሚሠሩት እነዚሁ ናቸው፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ የሚነሡት ጉዳት በሌለው የአበባ ብናኝ ወይም በአቧራ ውስጥ በሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ላይ መሆኑ ነው።

ለዓመታት የሚቆይ ትል ግን በሕይወት ለመኖር ይህን ቁጣ ማብረድ አለበት። ተቆጣጣሪ ሕዋሳትን ያነሣሣል፤ እንደ ኢንተርሊዩኪን-10 ያሉ አብራጅ ንጥረ ነገሮችም ይጨምራሉ። ይህ ማብረድ ለአቧራ የሚሰጠውንም ምላሽ ሊያለዝብ ይችላል የሚለው መላምት የመጣው ከዚህ ነው።

ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የጅማ ጥናት አስም ከከተማው ይልቅ በገጠሩ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። በከተማ ቆዳቸው ለአቧራ ተባይ የሚቆጣ ሰዎች ሲተነፍሱ የማፏጨት ምልክት ይበዛባቸው ነበር፤ በገጠር ግን ይህ ዝምድና አልታየም። በ2001 የታተመው ተከታይ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ይህ ምልክት የመታየት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አገኘ። በጋቦን ደግሞ የትል መድኃኒት በተደጋጋሚ የተሰጣቸው ተማሪዎች ቆዳ ለአቧራ ተባይ ይበልጥ መቆጣት መጀመሩ በ2004 ተዘገበ።

ሁሉም ማስረጃ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ አያመለክትም። በቡታጅራ ከ2005 ጀምሮ ሕፃናትን ከልደት የተከታተለው ጥናት፣ በሦስት ዓመታቸው ትል የተገኘባቸው በጣም ጥቂት በመሆናቸው ጥያቄውን ሊመልስ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም 32 የአስም ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2010 የታተመ ሙከራም፣ አሥር የመንጠቆ ትል እጭ የተሰጣቸው ሕሙማን ካልተሰጣቸው ጉልህ ብልጫ ያለው መሻሻል አላሳዩም። የትሉ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል፤ የወስፋት እጭ በሳንባ በኩል ስለሚያልፍ ራሱ ሳልና የትንፋሽ ማፏጨት ሊያስከትል ይችላል።

ሕክምና

«ትል ከአስም ይጠብቃል» ብሎ መድኃኒቱን መተው ስሕተት ነው። የመንጠቆ ትል ደም እየመጠጠ የደም ማነስ ያመጣል፤ ቢልሃርዚያ ጉበትን ይጎዳል፤ ትል የበዛበት ልጅ እድገቱም ትምህርቱም ይጓተታል። ኢትዮጵያ በ2015 አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ፕሮግራም ጀምራ ለአንጀት ትሎች አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል፣ ለቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል ለተማሪዎች ታድላለች። አስም ያለበት ልጅም አስሙ በራሱ መድኃኒት እየታከመ ትሉ ይታከማል። የተመራማሪዎች ተስፋ ትሉን ማቆየት ሳይሆን፣ ቁጣ የሚያበርድበትን ንጥረ ነገር ለይቶ ለመድኃኒትነት ማዋል ነው።