«ፋስት» የምትለው ቃልና ጾማችን

 

ባለፈው ሰሞን ከሙጃ የመጣ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ቁርኣንን በእንግሊዝኛ ትርጉም ሲያነብ ሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 103 ላይ ሲደርስ ቆም አለ። አንቀጹ አማኞች በአንድነት የአላህን ገመድ እንዲይዙና እንዳይለያዩ የሚያዝ ነው። ትርጉሙ ላይ ያገኘው ግን «ሆልድ ፋስት» የሚል ሆነበት። «ፈጥናችሁ ያዙ ማለት ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ የነበረው ደግሞ «ፋስት እኮ ጾም ነው፤ ጾም ያዙ ማለት ይሆናል» አለው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ሳያውቀው ወደ ቃሉ ሥር ተጠግቶ ነበር። ለዚህም ነው በዚህ እትም ይህችን ሁላችንም የምናውቃት የምትመስለንን ቃል ልናያት የወደድነው።

መጽናት

የቃሏ ጥንታዊ ትርጉም ይህ ነው፤ ጠበቅ ብሎ መያዝ፣ አለመነቃነቅ። እ.ኤ.አ. በ1930 የታተመው የፒክታል ትርጉምም፣ ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው የዩሱፍ ዐሊ ትርጉምም በዚያ አንቀጽ ላይ የተጠቀሙባት በዚሁ ስሜት ነው፤ «አጥብቃችሁ ያዙ» ለማለት። በአውሮፕላን ላይ ቀበቶ እሰሩ ሲባል የምንሰማው «ፋሰን» የሚለው ግስም ከዚሁ የወጣ ነው፤ መሐል ላይ ያለችው «ቲ» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ሲታጠብ ቀለሙ የማይለቅ ጨርቅ «ከለር ፋስት» ይባላል። «ስቴድፋስት» ደግሞ ጽኑ፣ የማይወላውል ማለት ነው። «ፋስት አስሊፕ» ሲባልም ቶሎ የተኛ ማለት አይደለም፤ ከባድ እንቅልፍ የወሰደው ማለት ነው። ለሱሑር ተቀስቅሶ የማይነቃውን የዶርም ጓደኛችሁን በዚህ ልትገልጹት ትችላላችሁ።

መፍጠን

ዛሬ በብዛት የምናውቀው ይህኛውን ነው። ጠንክሮ መሮጥ ከፈጥኖ መሮጥ ስለማይርቅ፣ ቃሏ ከጥንካሬ ወደ ፍጥነት ተሻገረች። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን በፈተናም በንግግርም የምንሳሳተው «ፋስትሊ» እያልን ነው። እንዲህ የሚባል ቃል በዛሬው እንግሊዝኛ የለም፤ ፈጣን ሯጭም፣ በፍጥነት መሮጥም ያው «ፋስት» ነው።

ሰዓት «ፋስት» ነው ከተባለ ወደ ፊት ቀድሟል ማለት ነው። ሰዓታችሁ አምስት ደቂቃ የሚቀድም ከሆነና እሱን ብቻ አምናችሁ ካፈጠራችሁ፣ ጸሐይ ሳትገባ ጾማችሁን ፈታችሁ ማለት ነውና ተጠንቀቁ።

«ፋስት ፉድ» ቶሎ የሚደርስ ምግብ ነው፤ የጾም ምግብ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በላሊበላ ቱሪስት በሚስተናገድባቸው ቤቶች የምግብ ዝርዝር ላይ የምናየው «ፋስቲንግ ፉድ» ደግሞ ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት የክርስቲያን ወገኖቻችን የጾም ምግብ ነው። ስለዚህ ለውጭ አገር መምህር «አይ አም ፋስቲንግ» ስትሉ፣ የእኛ ጾም ከጎህ መቅደድ እስከ ጸሐይ መግባት ውኃም ጭምር የማይቀመስበት መሆኑን ጨምሩበት። አለበለዚያ በየዓይነቱ ሊጋብዛችሁ ይችላል።

መጾም

በጥንቱ እንግሊዝኛ ግሱ አጥብቆ መያዝ፣ ሥርዓትን ሳያጓድሉ መጠበቅ ማለት ነበር። ከምግብ መከልከል የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚያ ነው። በዐረብኛም «ሶውም» በቋንቋ ደረጃ ሲፈታ «ኢምሳክ» ነው፤ ራስን መያዝ፣ መታቀብ። በሱረቱ መርየም አንቀጽ 26 መርየም (ዐለይሃ ሰላም) ሰው ላለማናገር የተሳሉት ስለት «ሶውም» ተብሎ መጠራቱ ለዚህ ነው። እዚያ የተያዘው ምላስ ነው።

ቁርስ በእንግሊዝኛ «ብሬክፋስት» መባሉም የሌሊቱ ጾም መፍቻ ስለሆነ ነው። ዐረቦችም ቁርስን «ፈጡር» ይሉታል፤ ሥሩ ከ«ኢፍጣር» ጋር አንድ ነው።

ጦም ማደር

የአማርኛው ጾም፣ በአገር ቤት አነጋገር ጦም፣ ከዐረብኛው ጋር ዘመድ ቃል ነው። ደጋው ግን ሌላ ትርጉምም ሰጥቶታል። ራቱን ሳይበላ የተኛ ሰው «ጦሙን አደረ» ይባላል። ሳይዘራ የቀረ ማሳም እንዲሁ «ጦሙን አደረ» ይባላል። ሙጃና መላው ግዳን ገብስ የሚዘራበት፣ የበልግ ዝናብን የሚጠብቅ ደጋ ነው። በልግ ሲቀር ማሳው ጦሙን ያድራል፤ ማሳው ጦሙን ሲያድር ቤቱም ይከተላል። በ1960ዎቹ አጋማሽና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታውን ረሃብ ያዩ አባቶችና እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ወንድማችን እንደነገረን፣ በረመዳን እናቱ በደወሉ ቁጥር የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «አብሽር ልጄ፤ ብቻ አደራህን ጦምህን እንዳታድር!» ቀኑን ሙሉ መጾሙን ያውቃሉ። የሚሰጉት ሌላውን ጦም ነው። እኚህ እናት የእንግሊዝኛ መምህር ሳያስፈልጋቸው ሁለቱን ለይተዋቸዋል፤ አንዱ ሰው ለአላህ ብሎ የሚይዘው ነው፣ ሌላው ሰውን የሚይዘው ረሃብ ነው።

እኛ ካምፓስ ውስጥ ሁለቱን ስንቀላቅል እንታያለን። ሆዳችንን ባዶ አድርገን ምላሳችንን ለሐሜት፣ ዓይናችንን ለስልክ የለቀቅን ቀን የያዝነው ነገር ምንድን ነው? ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሰት መናገርንና በእርሱ መሥራትን ያልተወ ሰው ምግብና መጠጡን መተዉ አላህ ዘንድ ጉዳይ እንደሌለው አስተምረዋል። በሌላ በኩል፣ ከመካከላችን ነን ካፌ ሆኖ ወር ሳይሞላ ገንዘቡ ያለቀበት፣ በቴምርና በውኃ አፍጥሮ ምንም ሳይናገር የሚተኛ ወንድም ወይም እህት ሊኖር ይችላል። ቀኑን ጾሞ ማታውን ጦሙን ያደረ ሰው አጠገባችን እያለ ሳንጠይቀው ከቀረን፣ ገመዱን በአንድነት ያዙ የተባለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አልገባንም ማለት ነው።

በአማርኛችን ጾም ሲጀመር «ጾም ያዘ» እንላለን፤ ሲያበቃም «ተፈታ»። መያዝና መፍታት፤ ልክ እንደ ገመድ። እንግሊዝኛው በአንዲት ቃል የሸሸገው ምስጢር በአፋችን ላይ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ማታ ለኢፍጣር ስትቀመጡ በየዶርማችሁ ማን እንደጎደለ ቆጥሩ። አላህ የያዝነውን ጾም ይቀበለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።