ሶዲየም ያጠቃው የመረሬ መሬት፤ ጠባዩና መለያው

በቆላ በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ማሳው ላይ ነጭ ነገር ሲያይ «ጨው ወጣብኝ» ይላል። የልማት ሠራተኛውም «ውኃ ልቀቅበት፣ ይጠብልህ» ብሎ ይመክረዋል። ይህ ምክር ለአንዱ መሬት መድኃኒት ሲሆን ለሌላው ጉዳት ነው። ሁለቱ መሬቶች ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ላይ ቡቃያው ይሳሳል፣ በሁለቱም ላይ መላጣ ቦታ ይታያል። ነገር ግን አንደኛውን የጎዳው የጨው ብዛት ሲሆን ሁለተኛውን የጎዳው ሶዲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከሸክላው ጋር መያያዙ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ሁለተኛውን ነው፤ ይልቁንም መሬቱ ሸክላ የበዛበት መረሬ በሆነ ጊዜ፤ ሕመሙ የሚከፋው በእንዲህ ያለው አፈር ላይ ነውና።

መረሬ፣ በሌላ ስፍራ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ይገመታል። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውኃ ያቁራል። የአፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል፤ ስሙም «መገልበጥ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ የላይኛው አፈር በስንጥቁ ወደ ታች እየወደቀ፣ የታችኛው ሲያብጥ ወደ ላይ እየገፋ፣ መሬቱ ራሱን በራሱ የሚያገላብጥ ስለሚመስል ነው። አንድ አፈር በዚህ ስም እንዲጠራ ከመቶ 30 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሸክላ ሊኖረው፣ በየወቅቱ የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ ሊታይበት፣ ሲቆፈርም ከውስጥ እንደ ተወለወለ የሚያብረቀርቅ የተንሸራተተ ገጽ ወይም እንደ ሽብልቅ የሾለ ጓል ሊገኝበት ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። የደጋው መረሬ በአብዛኛው ካልሲየምና ማግኒዚየም የያዘ ነው። ውኃ የሚያቁረው ከሸክላው ብዛት የተነሣ ነው እንጂ በሶዲየም ምክንያት አይደለም፤ በሰፋፊ መደብና በቦይ ውኃውን ማንጣፈፍ ይበጀዋል። የደጋ ገበሬ ይህን አንብቦ መድኃኒት ፍለጋ ገንዘቡን እንዳያወጣ። ሶዲየም የሚያሰጋው ዝናብ ባነሰበት፣ ትነት በበረታበት፣ ውኃም መውጫ ባጣበት በቆላው ሜዳ ነው። በመካከለኛው አዋሽ በአሚባራና በመልካ ሰዲ የታየው ይኸው ነው፤ ሰፊ የመስኖ እርሻ ከተከፈተ በኋላ፣ ትርፉ ውኃ የሚወጣበት መንገድ ስላልነበረ የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ተነሣ፤ ጨውና ሶዲየምም አብረውት ወጥተው ብዙ ጥሩ መሬት ከእርሻ ውጭ ሆነ።

ሶዲየም ሸክላን ምን ያደርገዋል

ሸክላ በዓይን የማይታዩ እጅግ ስስ ገጾች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደራርበው የተሠራ ነው። እነዚህ ቅጠሎች ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ፖታሲየምንና ሶዲየምን ስበው ይይዛሉ። ካልሲየም ሁለት እጅ እንዳለው ሰው ሆኖ ቅጠሎቹን አቀራርቦ ያያይዛቸዋል፤ በዚህም ምክንያት አፈሩ ፍርፋሪ ይሆናል፤ በፍርፋሪው መካከልም ውኃና አየር ያልፋል። ሶዲየም ግን አንድ እጅ ብቻ ያለው ነው፤ በዚያም ላይ ዙሪያውን ውኃ ተከናንቦ ይቀመጣል። የካልሲየምን ቦታ ሶዲየም የያዘው እንደ ሆነ ቅጠሎቹ ይራራቃሉ፤ ንጹሕ ውኃ ሲነካቸው ይበተናሉ፤ ከውኃው ጋር ጥቂት ወርደውም የአፈሩን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ።

ገበሬው የሚያየው ምልክት ከዚህ የሚመጣ ነው። ከዝናብ በኋላ በማሳው ላይ የተኛው ውኃ ለቀናት እንደ ወተት ደፍርሶ ይቆያል፤ ነገር ግን በዶማ ቢቆፈር ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ አፈሩ ደረቅ ነው። ሲደርቅ ላዩ እንደ ምጣድ ይጠነክራል፤ ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። ሲረጥብ ማረሻው ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ በሬ አይችለውም፤ ለማረስ የሚመቸው ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ይሆናል። ሕመሙ በጠና ጊዜ ብስባሹ ቀልጦ ከውኃው ጋር ይወጣና ላዩን የጠቆረ ዘይት የፈሰሰበት ያስመስለዋል። ነጭ ሽፋን ብዙውን ጊዜ የጨው ምልክት ነው፤ እንዲህ ያለው ጥቁር ሽፋን ግን የሶዲየም ምልክት ነው።

ጨው ራሱ የሸክላውን ቅጠሎች እንዳይበተኑ አጥብቆ እንደሚይዝ ብዙ ሰው አይገምትም። ጨውም ሶዲየምም ያለበት መሬት ጨዉ እስካለ ድረስ ውኃ ያሳልፋል፤ ሲቆፈርም ልል ነው። ጨዉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ሲወጣና ሶዲየሙ በሸክላው ላይ ሲቀር ግን መሬቱ ይደፈናል። እኔ ይህን የተማርሁት በኮሌጅ ቢሆንም የገባኝ በሥራ ላይ ነው። በቆላ በተመደብሁበት በመጀመሪያው ዓመት አንድ አረጋዊ ገበሬ ነጭ የለበሰ ሩብ ሄክታር ማሳ አሳዩኝ። አፈሩን ሳላስመረምር ውኃ እንዲያቆሙበት መከርኋቸው፤ እርሳቸውም ተራቸውን ጠብቀው ሦስት ጊዜ አጠጡት። ነጩ ጠፋ። በአራተኛው ጊዜ ሄጄ ሳይ ውኃው ላዩ ላይ ተኝቶ ነበር። «ልጄ፣ ፊት ያሳለፈውን ውኃ አሁን እንቢ አለው» አሉኝ። በዚያ ዓመት ከዚያ ማሳ ምንም አላገኙም። ከማጠቡ በፊት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አንድ ጓል ጥዬ ቢሆን ኖሮ ነገሩን አስቀድሜ ባወቅሁ ነበር።

በብርጭቆ መፈተን

ይህ ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም፤ ማንኛውም ገበሬ በቤቱ ሊያደርገው ይችላል። ሽንብራ የሚያህል በደንብ የደረቀ ጓል ከላይኛው አፈር፣ ሌላም ጓል ክንድ ያህል ተቆፍሮ ከታችኛው አፈር ይወሰድ። ሁለት ንጹሕ ብርጭቆዎች የዝናብ ውኃ ይሞሉ። የቦይ ወይም የጉድጓድ ውኃ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው ጨው ፈተናውን ያበላሸዋል። ጓሉ ቀስ ብሎ ወደ ውኃው ይግባ፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆው አይነካ፣ አይበጥበጥ። ከ10 ደቂቃ፣ ከ2 ሰዓትና ከ20 ሰዓት በኋላ ይታይ።

ጓሉ ፈርሶ ደቃቅ ቢሆን፣ ውኃው ግን ጥርት ብሎ ቢቀር፣ ይህ መፍረስ ብቻ ነው፤ የሶዲየም ምልክት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጓሉ ዙሪያ እንደ ወተት ያለ ጉም ከታየ ግን ሸክላው ተበትኗል ማለት ነው። ጉሙ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከታየ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ በማግሥቱ ብቻ በስሱ ከታየ ቀላል ነው። ጨው ያለበት አፈር በመጀመሪያ ጉም ላያሳይ ስለሚችል፣ ውኃው ቀስ ተብሎ ተደፍቶ ሁለትና ሦስት ጊዜ በአዲስ የዝናብ ውኃ ይለወጥ። ያን ጊዜ ጉም ከወጣ፣ ማሳው ቢታጠብ የሚደርስበት ይኸው ነው። ደረቁ ጓል ጉም ባያሳይም፣ ያው አፈር ረጥቦ በጣት ታሽቶ ተድቦልቡሎ ሲገባ ጉም ካሳየ፣ ያንን መሬት በእርጥቡ ማረስ እንደማይገባ ያመለክታል።

በቁጥር መለየት

ብርጭቆው ጥርጣሬን ይፈጥራል እንጂ መጠን አይነግርም፤ መጠኑን የሚነግረው ላቦራቶሪ ነው። አብዛኛው ዓለም የሚጠቀምበትን ልክ በ1954 እ.ኤ.አ. ያወጣው በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ የሚገኘው የአሜሪካ የጨዋማ አፈር ላቦራቶሪ ነው። ሁለት ነገር ይለካል፤ አንደኛው ከአፈሩ የተጨመቀው ውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ሲሆን የጨዉን ብዛት ያሳያል፤ ሁለተኛው ሸክላው ከያዛቸው ንጥረ ነገሮች ውስጥ የሶዲየም ድርሻ ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ነው። የመጀመሪያው በሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ በላይ፣ ሶዲየሙ ግን ከመቶ ከ15 በታች ከሆነ መሬቱ ጨዋማ ይባላል። ጨዉ ከ4 በታች ሆኖ ሶዲየሙ ከ15 በላይ ከሆነ ሶዲየማዊ ነው፤ ፒኤች የሚባለው ልክም አብዛኛውን ጊዜ ከ8.5 ያልፋል። ሁለቱም ካለፉ ጨዋማም ሶዲየማዊም ነው፤ ከላይ የጠቀስሁት የአረጋዊው ማሳ ከዚህ ክፍል ነበር።

ይሁን እንጂ 15 የሚለውን ቁጥር እንደ ግንብ አጥር ማየት አይገባም። አውስትራሊያውያን በአገራቸው አፈር 6 ላይ ጉዳት ስለሚታይ ከ6 ጀምሮ ሶዲየማዊ ይሉታል። የሚያብጥ ሸክላ ለበዛበት መረሬም ከ15 በታች መጠንቀቅ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የልማት ሠራተኛውም ቁጥሩን ሲያነብ ላቦራቶሪው አፈሩን በምን ያህል ውኃ እንደ በጠበጠው ይጠይቅ፤ አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውኃ ተበጥብጦ የተለካ ጨው ከ4 ጋር በቀጥታ አይመዛዘንም።

በዓለም አቀፉ የአፈር አሰያየም ጨዋማው ሶሎንቻክ፣ ከታች ሶዲየም የበዛበት ጥቅጥቅ የሸክላ ድርብ ያለውም ሶሎኔትስ ይባላሉ፤ ሁለቱም ከሩሲያ የመጡ ስሞች ናቸው። ሶሎኔትስ ሲቆፈር ድርቡ ብዙ ጊዜ አናቱ የተድቦለቦለ ዓምድ ይመስላል። መረሬው ግን ስለሚያብጥና ስለሚሰነጠቅ እንዲህ ያለ ዓምድ አይቆይበትም፤ ስለዚህ ስሙ ቨርቲሶል ሆኖ ይቀርና «ሶዲየማዊ» የሚል ቅጽል ይጨመርለታል።

ስለ ውኃውና ስለ መድኃኒቱ

መሬቱ ደኅና ሆኖ ሳለ የመስኖው ውኃ ሊያሳምመው ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውኃ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይበዛበታል፤ ባይካርቦኔቱ የአፈሩን ካልሲየም ወደ ኖራ ለውጦ ያስቀምጠውና ሜዳው ለሶዲየም ይለቀቃል። ሳሙና ቶሎ አረፋ የሚያወጣበት፣ እጅን የሚያሙለጨልጭ ውኃ ለልብስ አጣቢ ደስ ይላል፤ ገበሬው ግን ሳያስመረምር እርሻው ላይ አይልቀቀው። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ውኃም እንዲህ ያለ ነው፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ በዙሪያው ላለው እርሻ ሥጋት ሆኗል።

የሶዲየም መድኃኒት ካልሲየም ነው። ለኮምጣጣ መሬት የሚታደለው ኖራ ግን እዚህ አይረዳም፤ ፒኤች ከፍ ባለበት አፈር አይሟሟምና። የሚሠራው ያልተቃጠለ የጄሶ ድንጋይ ተፈጭቶ ሲበተን ነው፤ ካልሲየሙ ሶዲየሙን ከሸክላው ያስለቅቀዋል፣ የተለቀቀውም ከውኃ ጋር ይወጣል። የሚያስፈልገው መጠን ያስደነግጣል። መቶ እጅ ከሚይዘው ሸክላ ሶዲየሙን ከ20 ወደ 10 ለማውረድ፣ በከባድ መረሬ ላይ በ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ለአንድ ሄክታር 135 ኩንታል ያህል ጄሶ ይጠይቃል፤ ለሩብ ሄክታር 34 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ጄሶ ለማሟሟት ደግሞ ማሳው ላይ ከግማሽ ሜትር ከፍታ የሚበልጥ ውኃ በየጊዜው ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ቢደረግ ይሻላል። በማሳው ግርጌ ጥልቅ መውረጃ ቦይ ከሌለ ግን ጄሶ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው፤ የተለቀቀው ሶዲየም የሚሄድበት ስለሌለው ተመልሶ ይወጣል። ቅደም ተከተሉም ቦይ፣ ከዚያ ጄሶ፣ ከዚያ ማጠብ ነው።

አፈሩ ላይ አቼቶ ጠብ ሲደረግ ቢፈላ፣ መሬቱ ውስጥ የተኛ ኖራ አለ ማለት ነው። እንዲህ ላለው መሬት ፍግና ሰስባንያን አልምቶ እዚያው መገልበጥ ኖራውን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ወጪው ግን ለባለ አነስተኛ ማሳ ይቀላል። መሬቱ እስኪያገግም ድረስ ባቄላና ሙዝ አይሞከሩበት፤ ገብስ፣ ጥጥና ሮደስ የሚባለው ሣር ይሻላሉ። ለላቦራቶሪ የሚላከው አፈር ከመላጣው ቦታና ደኅና ከሆነው ቦታ ለየብቻ፣ ከላይ እስከ 30፣ ከዚያም ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ተለይቶ በንጹሕ ከረጢት ይደረግ፤ የመስኖውም ውኃ በአንድ ሊትር ጠርሙስ አብሮ ይላክ።