ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ዶላሩ ስንት ብር ይሆናል?

እስቲ እርሳስ አንሱና አብረን እናስላ። የውጭ ገንዘብ በስንት ብር እንደሚለወጥ የሚነግረን ቁጥር የምንዛሪ ተመን ይባላል።

አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 74 ብር ገባ።

ከአሜሪካ የመጣች እኅታችሁ 100 ዶላር ብትመነዝር፣ በፊት 5,700፣ ያን ዕለት 7,400 ብር ታገኛለች። 1,700 ብር አተረፈች ማለት ነው? አትቸኩሉ! ነዳጅና ዘይት ከውጭ የሚገዙት በዶላር ነውና ውለው አድረው ይወደዳሉ። ቀድማ መንዝራ እናንተ ዘንድ ብር አስቀምጣ ከነበረማ ከሰረች፤ 5,700 ብሯ 77 ዶላር ብቻ ሆነ።

እንግዲህ እሷ የሚያስፈልጋትን ያህል ብቻ ትመንዝር። እናንተም «ብሩ በዝቶላታል» ከማለታችሁ በፊት የገበያውን ዋጋ ጠይቁ።