ሎሚዋ ስታለቅስ… በርሜሉ ሲስቅብኝ!

ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? የአዲስ አበባ ልጆች ‹‹ዛሬማ ሞቀን›› ስትሉ እኔ ድሬ ቁጭ ብዬ እስቃለሁ። አቦ፣ ሙቀትንማ ለኛ ተዉልን!

ፊልም ላይ እንደምታዩት ጸደይ ማለት አበባ የሚፈካበት፣ ፍቅረኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው በለምለም ሣር ላይ የሚሯሯጡበት ወቅት ነው። በእኛም አቆጣጠር ጸደይ አለ፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ። ድሬዳዋ ላይ ግን ጸደይ ሎተሪ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ብቅ ካለ እሰየው። ከቀረ ደግሞ እስከ ሐምሌ ድረስ ደቻቱ አሸዋውን ታቅፎ ይተኛል፣ እኛም ላባችንን እየጠረግን ሰማይ ሰማይ እናያለን።

‹‹ታዲያ በዚህ ሐሩር ስለ ጓሮ ተክል ማውራት ጤንነት ነው?›› የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደ እናንተ እል ነበር። ከሎሚዋ ጋር እስክንጣላ ድረስ!

አደራ በላው እኔ

አባቴ ጡረተኛ ነው። እኔ በተወለድኩበት ዓመት ግቢያችን ውስጥ አንዲት ሎሚ ተክሏል። እናም ‹‹መንታህ ናት›› እያለ ያሾፍብኛል። በ2014 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አባዬ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ የተናገረው ስለ ራሱ ሕመም አልነበረም። ‹‹አንተ ልጅ፣ ሎሚዋን አደራ!›› ብቻ።

እኔም አደራ ተቀባይ ነኝና አንድ ትልቅ በርሜል ገዛሁ። ቧንቧ በመጣ ቀን ጢም አድርጌ እሞላለሁ። ከዚያ በየቀኑ ምሳዬን በልቼ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ በቆመችበት ሰዓት አንድ ባሊ ሙሉ ውሃ ከሎሚዋ ግንድ ሥር ግልብጥ! ጎረቤቶች ‹‹እንዴት ያለ ልጅ ነው!›› ሲሉ ልቤ ያብጣል።

ወር ሳይሞላ ቅጠሎቿ ቢጫ መሆን ጀመሩ። ‹‹ውሃ ጠምቷት ነው›› ብዬ ባሊውን ሁለት አደረግኩት። ቀጥሎ ከግንዷ ግርጌ፣ ልክ እንደ እንባ፣ ሙጫ ይወርድ ጀመር። ሎሚዋ አለቀሰች ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ይኼ ሳያንስ ትንሿ እህቴ አንድ ሌሊት እንደ ቅጠል ስትንቀጠቀጥ አደረች። ጠዋት ይዣት ሄድኩ፤ ደሟ ተመረመረ፤ ወባ! ‹‹ዝናብ ጠብ ሳይል ወባ ከየት መጣ?›› አልኩ። መርማሪዋ ቀና ብላ አየችኝና ‹‹ውሃ በምንድነው የምታጠራቅሙት?›› ብላ ጠየቀችኝ።

ቤት እንደደረስኩ የስልኬን መብራት በርሜሉ ውስጥ አበራሁ። ትንንሽ ነገሮች ሽቅብ ቁልቁል ይወራጫሉ። እኔ ለሎሚ ብዬ የቢምቢ መዋኛ ገንዳ ከፍቼ ኖሯል!

ከተማ የለመደች ቢምቢ

በኋላ ሳነብ የገባኝን ልንገራችሁ። ድሮ የምናውቃት የወባ ትንኝ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ነበር የምትወደው። አሁን ግን ከእስያ የመጣች ሌላ አለች፤ ‹‹አኖፌለስ ስቴፈንሲ›› ይሏታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው። ይህቺኛዋ ከተሜ ናት፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሕንፃ መሥሪያ የውሃ ጉድጓድ ይመቻታል። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ሲስፋፋ፣ ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በእሷ ላይ ነው።

እሷ ብቻም አይደለችም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ድሬን ያንቀጠቀጠው ደንጌ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መገጣጠሚያችንን ይዞ ያስጎነበሰን ቺኩንጉንያ፣ የሁለቱም አመላላሽ በቀን የምትናከስና በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ሌላ ቢምቢ ናት።

የእህቴን ወባ ያመጣችው ከእኔ በርሜል ትውጣ ከጎረቤት፣ ማንም ሊፈርድ አይችልም። እህቴ ተርፋለች፤ ተመስገን። እኔ ግን ያን በርሜል ባየሁ ቁጥር የሚስቅብኝ ይመስለኝ ነበር።

አባዬ ሲመለስ ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ከሎሚዋ ግንድ ሥር ያለውን ጭቃ በእጁ እየጠረገ እንዲህ አለኝ፤ ‹‹ልጄ፣ ውሃ በበርሜል አይቀመጥም። አፈር ውስጥ ነው የሚቀመጠው።››

ወዳጆቼ፣ የደረቅ ወቅት አትክልተኝነት ሚስጥሩ ይኸው ነው። የቀረውን እኔ ልዘርዝርላችሁ።

1ኛ/ ሰዓት ምረጡ። ውሃ የሚጠጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይም ገና ሳትወጣ ነው። ቀትር ላይ ካፈሰሳችሁት ከፊሉን ፀሐይ ትጠጣዋለች። ሥር ለሰደደ ዛፍ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ሁለቴ አጥልቆ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት፤ አልጠማውም!

2ኛ/ ግንዱ አፍ አይደለም። ውሃ የሚመጡት ቀጫጭን ሥሮች ከግንዱ ራቅ ብለው፣ የቅጠሉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ናቸው። እዚያ ላይ ክብ ቦይ ቆፍሩ፤ ግንዱን ደግሞ አፈር ከፍ አድርጋችሁ ከውሃ ጠብቁት። የሎሚና የብርቱካን ግንድ ሁልጊዜ ከረጠበ ልጡ ይበሰብሳል፣ ሙጫ ያለቅሳል። የእኔ ጥፋት ይኼ ነበር።

3ኛ/ አፈሩን አልብሱት። ራቁቱን የዋለ አፈር እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ጭድ፣ የደረቀ ሣር፣ የማሽላ አገዳ አራት ጣት ያህል አልብሱት፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ራቅ ይበል። ድሬ ውስጥ ደግሞ ከበርጫ በኋላ የሚጣለው ገራባ ሞልቷል። ተፎካካሪዎቻችሁ ፍየሎች ናቸውና ከላይ እሾህ ቢጤ ጣል አድርጉበት!

4ኛ/ ማሰሮ ቅበሩ። ይህን ዘዴ ቻይናዎች ከ2000 ዓመት በፊት ጽፈውታል። ያልተሟሸ ሸክላ (የተሟሸው ቅባት ስለጠጣ አያሳልፍም) እስከ አንገቱ ቅበሩና ውሃ ሙሉት፤ አፉን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። አፈሩ ሲደርቅ በሸክላው ገላ በኩል ውሃውን ይስበዋል፤ ሲጠግብ ያቆማል። ቲማቲምና ቃሪያ ዙሪያውን ቢተከሉ ደስ ይላቸዋል። ሸክላ ያጣ የሃይላንድ ላስቲክ በመርፌ በስቶ ይቅበር።

5ኛ/ እጣቢ አትድፉ። ሩዝ የታጠበበት፣ አትክልት የተለቃለቀበት፣ ገላ የታጠባችሁበት ውሃ ለዛፍ ሲሳይ ነው። በረኪና የነካው ግን አይሞከርም። የሳሙና ውሃም ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ለናና አይሆንም። ደግሞ የዛሬን እጣቢ ዛሬውኑ፤ ማሳደር ክልክል ነው!

6ኛ/ አትነካኩት። በደረቅ ወራት መቀስ ይዞ መዞር፣ ችግኝ ነቅሎ ማዛወር፣ ትኩስ ፍግ መጨመር ተክሉን በቁስሉ ላይ መምታት ነው። የደረቀ ጭራሮ ብቻ አንሱለት። ፀሐይ የሚመታውን ግንድ ኖራ ቀቡት። ቅጠሉ ረገፈ ብላችሁም ‹‹ሞተ›› አትበሉ። በስማችን የሚጠራው ‹‹የድሬዳዋ ዛፍ›› እንኳ (ትውልዱ ማዳጋስካር ቢሆንም) በደረቅ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ ነው ቀይ አበባውን የሚያፈነዳው። ጥርጣሬ ከገባችሁ ልጡን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ።

7ኛ/ በርሜሉን እሰሩት! ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ ‹‹አታጠራቅሙ›› ማለት ቀልድ ነው። ግን ክዳን ይኑረው፤ ክዳን ከሌለ ክፍተት የሌለው ጨርቅ አልብሱና በገመድ ጥፍር አድርጉት። በሳምንት አንድ ቀን አራግፋችሁ ግድግዳውን ፈትጉ። ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የደንጌዋ ቢምቢ እንቁላሏን ከግድግዳው ላይ ስለምትለጥፍ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በሙቀት ጊዜ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው የሚፈጅባት። የአበባ ሸክላ ሥር የምታስቀምጡት ሳህንና ግቢ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ጎማም አይረሳ።

‹‹እኔ ተከራይ ነኝ!››

ይህን የምትሉ ብዙ ናችሁ። ሳቢያን አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር አንዲት ወዳጄ አለች። አከራይዋ የውሃ ጉዳይ ሲነሳ ጉንጫቸው ይቀላል። እሷ በባዶ የወተት ጣሳ ሥር ቀዳዳ በስታ ናና ተከለች። የሚጠጣው ጠዋት ፊቷን የታጠበችበትን ውሃ ነው፤ ያለ ሳሙና። ዛሬ እኒያው አከራይ በየማታው ‹‹ልጄ፣ ለሻይ ትንሽ ናና…›› እያሉ በሯን ያንኳኳሉ። ጓሮ የግድ ሄክታር አይደለም!

በእኛ ግቢ ደግሞ አምስት ቤተሰብ አለ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሕግ አውጥተናል። ማታ ማታ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጆግ እጣቢ ለሎሚዋ ያዋጣል፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የበርሜል ቀን ነው፣ ሁሉም የየራሱን ይፈትጋል። አባቶች ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ያሉት ለካ እውነታቸውን ነው። ብቻዬን በርሜል ሙሉ ውሃ ይዤ ልገድላት የነበረችውን ዛፍ አምስት ጆግ አቆማት።

ሙሉ በሙሉ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። በአንድ ወገን ያለው ትልቁ ቅርንጫፍ ደርቆ ተቆርጧል፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። አባዬ እሱን በከዘራው እየነካ ‹‹ይኼ ያንተ ፊርማ ነው›› ይለኛል። በሌላው ወገን ግን ታፈራለች። እህቴም አድጋ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የበርሜሉ ተቆጣጣሪ ሆናለች፤ ባትሪ ይዛ ሳታይ ማንንም አታልፍም።

እኔ ደግሞ ለጥምቀት አንዷን ሎሚ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ለማን እንደምወረውራት? እሱን እንኳ ተዉት!

በሉ እንግዲህ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ጋዜጣውን አስቀምጡና በርሜላችሁን እዩ። ቸር ይግጠመን።