አሁን የሚሠራው የትኛው ፓምፕ ነው?

ትንሽ የግል አውሮፕላን ውስጥ ከአብራሪው ጎን የመቀመጥ ዕድል ካጋጠማችሁ፣ ከተነሣችሁ በኋላ እጁን ተከታተሉ። አውሮፕላኗ ፓይፐር ቼሮኪ ከሆነች፣ መሬቱ በደንብ ሲርቅ አንዲት ማብሪያ ያጠፋል። ዓይኑን ግን ማብሪያዋ ላይ አታገኙትም፤ የነዳጅ ግፊት ጌጁ ላይ ተተክሏል። ጣቱንም ቶሎ አያነሣም። ይህች የጥቂት ሰከንድ እንቅስቃሴ የምትደንቀኝ፣ ስለ ነዳጅ ፓምፕ ማወቅ የሚገባንን ዋናውን ነገር ይዛ ስለምትገኝ ነው።

ነገሩ ከክንፉ ይጀምራል፤ ነዳጁ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። እንደ ሴስና 172 ክንፏ ከላይ የሆነ አውሮፕላን ጣሪያ ላይ ሮቶ እንደተሰቀለበት ቤት ናት፤ መብራት ቢጠፋም ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በ1956 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለችው 172 እና ካርቡሬተር ያላቸው አብዛኞቹ ተከታዮቿ ያለ ነዳጅ ፓምፕ ነው የኖሩት። ከ1996 ወዲህ የተሠሩት ግን ነዳጁ በግፊት የሚረጭባቸው ስለሆኑ ፓምፕ ገባላቸው። ቼሮኪ ደግሞ ክንፏ ከታች ነው። ሮቶው ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተቀመጠበት ፎቅ ቤት አስቡ፤ የሚገፋው ካልተገኘ ላይ ጠብታ አይደርስም።

ስለዚህ ሁለት ፓምፕ አላት። አንዱን ሞተሩ ራሱ ያሽከረክረዋል፤ ሌላው ከባትሪና ከጄነሬተር በሚመጣ ኤሌክትሪክ ይሠራል። ብልሃቱ ያለው የሁለቱ መሞቻ ምክንያት የተለያየ መሆኑ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ በሙሉ ቢጠፋ የሞተሩ ፓምፕ አያውቀውም፤ የሞተሩ ፓምፕ ቢበላሽ ኤሌክትሪኩ ጉዳዩ አይደለም። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብም ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው ዋናው ብቻ ሳይሆን ተጠባባቂውም ፓምፕ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት ሲነሣ ከሚፈልገው ነዳጅ 125 በመቶውን ማድረስ እንዲችል ነው። በስበት ለሚወርድ ነዳጅ ደግሞ 150 በመቶ ይጠየቅ ነበር። ተጠባባቂ ማለት እንግዲህ ግማሽ ሥራ የሚሠራ ረዳት አይደለም።

የሞተሩ ፓምፕ ውስጡ ቀላል ነው፤ አሮጌ ቮልስ የፈታ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ሞተሩ ሲዞር አንዲት ዘንግ ተለጣጭ የሆነውን ዲያፍራም ትስበዋለች፣ ነዳጅ ይገባል፤ ከዚያ ሞላው ዲያፍራሙን መልሶ ይገፋዋል፣ ነዳጁ ይወጣል። ሁለት ትንንሽ ቫልቮች ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይጠብቃሉ። ዲያፍራሙ ከጊዜና ከሙቀት ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ የሾለከው ነዳጅ በማፍሰሻ ቱቦ ወደ ውጭ ይወጣል። የአነስተኛ አውሮፕላኖች የተለመደው ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም የተቀላቀለበት ስለሆነ፣ ከሞተሩ ሥር የተገኘች ሰማያዊ ነጠብጣብ ለመካኒኩ እንደ ደብዳቤ ናት።

ፓምፑ ጤነኛ ሆኖ እንኳ የሚሸነፍበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ላይ ባቄላ የቀቀለ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን ውኃችን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባቄላውም ቶሎ አይበስልም። ቤንዚንም እንደዚሁ የአየር ግፊት ሲቀንስ በቀላሉ ይተናል። ፓምፕ ደግሞ ከታች ሲስብ ቱቦው ውስጥ ያለውን ግፊት ይበልጥ ያወርደዋል። ሞተሩ ግሎ ቆሞ ከነበረ ቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ፈሳሽ እንዲገፋ የተሠራው ፓምፕ እንፋሎት መግፋት ያቅተዋል። ይህን የሚያህል ችግር ከአንድ የውኃ አፈላል ሕግ መምጣቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

አሁን ወደ አብራሪያችን ጣት እንመለስ። በሚነሣበት ጊዜ ሁለቱም ፓምፖች ይሠሩ ነበር። አንዱ ቢቆም ሌላው ይሸፍንለታል፤ ጌጁ ደህና ነው፣ ሞተሩም ደህና ነው፣ ማንም አያውቅም። ሁለት ፓምፕ መኖሩ የሚያመጣው አደጋ ይህ ነው፦ የአንዱን ሞት ሌላው ይደብቀዋል። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ በማብሪያዋ ሲጠፋ ብቻ ነው የሞተሩ ፓምፕ ብቻውን ሲሠራ የሚታየው። መርፌው ወደ ታች ከወረደ ጣቱ እዚያው ማብሪያዋ ላይ ነች፤ ካርቡሬተሩም ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ የሚሆን ነዳጅ አለ። ሞተሩን ሲያስነሣ ደግሞ ፈተናው በተቃራኒው ነው፦ ገና ሳይነሣ ኤሌክትሪኩን ብቻ አብርቶ ቷ ቷ የሚለውን ድምፅ ይሰማል፣ ግፊቱን ያያል።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ አብርቶ አይተወውም የሚል ይኖራል። ለዚህ አንዱ መልስ አሁን የተባለው ነው። በአንዳንድ የኮንቲኔንታል ሞተሮች ላይ ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ዋናው ፓምፕ እየሠራ የኤሌክትሪኩን ከፍተኛ ግፊት ማብራት ሞተሩን በነዳጅ አጥለቅልቆ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዷን አውሮፕላን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው።

ሆኖም በአየር ላይ የሚቆሙ ሞተሮችን ሁሉ በፓምፕ ማሳበብ ስሕተት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ከነዳጅ አያያዝ ጋር ከተያያዙት አደጋዎች ውስጥ የነዳጅ ሥርዓቱ ብልሽት የተጠቀሰባቸው ከ5 በመቶ በታች ናቸው። የሚበዛው ነዳጁ ማለቁ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ነዳጅ እያለ ሞተሩ ሳይደርሰው መቅረቱ ነው። የሴስና 172 የነዳጅ ታንክ መምረጫ ከሁለቱም ክንፍ በአንድ ጊዜ መቅዳት ይችላል፤ የቼሮኪ ግን ወይ ግራ ወይ ቀኝ ነው። መምረጫው ግራ ላይ እያለ የግራው ታንክ ባዶ ሲሆን፣ ቀኙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሁለቱም ፓምፖች አየር ይስባሉ። የቼሮኪ አብራሪ ታንክ ሲቀይር መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ያበራል፣ መምረጫውን ያዞራል፣ መርፌው መጽናቱን አይቶ ያጠፋዋል፣ ከዚያም ትንሽ ቆይቶ ጌጁን እንደገና ያያል።